ዘጠኝ ጣት፣ አሥር ስም

የምጽፋቸው ሰዎች ስም የላቸውም። ለአንድ ኤፍኤም ጣቢያ በየሳምንቱ የሬዲዮ ድራማ እጽፋለሁ፤ ድራማው ውስጥ «ዘበኛው» አለ፣ «ሴትየዋ» አለች፣ «የሴትየዋ ወንድም» አለ። ዳይሬክተሩ ጽሑፌን በተቀበለኝ ቁጥር የሚያነሳው አንድ ጥያቄ ነው። «ሥርጉት፣ እነዚህ ሰዎች እናት አባት የላቸውም እንዴ? ስም አውጪላቸው እንጂ።» «አንተው አውጣላቸው» እለዋለሁ። ያወጣላቸዋል። ለሱ ቀላል ነው፤ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ስድስት ሰው ክርስትና አንስቶ ወደ ስቱዲዮ ይገባል።

ያለፈው ማክሰኞ ስልኬ ጠራ። ቁጥሩን አላውቀውም። ድምፁን ግን «ሥርጉት?» እንዳለች ለየሁት፤ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎት ያው ነው። ኢፍቱ ናት፤ የአባባ ደበላ የልጅ ልጅ፣ ከሁለተኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የተቀመጠች።

ብዙ አላወራችም። ከአርሲ ከተመለሰች ሁለት ዓመት እንደሆናት፣ ቃሊቲ አንድ ልብስ ስፌት ቤት እንደምትሠራ፣ የወንድሟን ልጅ እንደምታሳድግ ነገረችኝ። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«ልጁ ስድስት ዓመቱ ነው። አባቶቹን መቁጠር አለበት። ወንድሜ መኪና ላይ ነው የሚውለው፤ እሱም ቢሆን ከሂርጳና ከሮቤራ በላይ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሴት ነኝ ብዬ አልያዝኩትም። አካኮ ከሞቱ በኋላ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።» አካኮ የምትለው አያቷን ነው። «ያን ቀን ማሳው ላይ ሲቆጥሩ አንቺ ደብተርሽ ላይ ስትጽፊ አስታውሳለሁ። ደብተሩ አለሽ?»

«አለኝ» አልኳት።

«እሑድ ይዘሽልኝ ነይ። ከጠፋ ግን አሁኑኑ ንገሪኝ፤ ልጁን ተስፋ አልስጠው።»

«አልጠፋም።»

ስልኩን ዘግቼ የሆነ ነገር እስኪሰማኝ ጠበቅኩ። እንዲህ ያለ ስልክ ሲመጣ ሰው አንድ ነገር ሊሰማው ይገባል። አልተሰማኝም። የቀረችውን ሻይ ጠጣሁ፣ ብርጭቆውን አጠብኩ፣ ደብተሩን ፍለጋ ረቡዕ እናቴ ቤት ለመሄድ ወሰንኩ።

ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። የምንኖረው አቃቂ በሰቃ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ጀርባ ነው። እናቴ ፈለቀች ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራ ነበር፤ ከሥራ ስትገባ ፀጉሯ ላይ የጥጥ ብናኝ አይጠፋም፣ ስታቅፈኝ አፍንጫዬን ይበላኛል። አባቴ ፈቀደ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ መናገር አልፈልግም። ለኔ መሥሪያ ቤት ማለት የአባቴ ጣቶች ላይ የሚቀረው የማኅተም ቀለም ነበር። ሐምራዊ ነው፤ በሳሙና ቢፈተግም አይለቅም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ በላስቲክ የተጠቀለለ ፋይል ይዞ መጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። እስክሪብቶውን በጥርሱ ነክሶ ባዶ ወረቀት ሲያይ ረጅም ጊዜ ቆየ።

«ምን እየሠራህ ነው አባዬ?»

«መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው።»

«የምን መጽሐፍ?»

እናቴን አየት አደረጋት። ጀርባዋን ሰጥታን ሽንኩርት ትከትፋለች። «ስለ ገበሬዎች» አለኝ። «ሌላው ሁሉ አልቋል፤ ስም ብቻ ነው የቀረኝ። ስሙ ደግሞ እምቢ አለኝ። አንድ ስም ባሰብኩ ቁጥር ሰውየው ከነፊቱ ይመጣብኛል።»

ያን ቀን ከተናገረው ሁሉ እውነቱ ይህ ብቻ ይመስለኛል። እኔም ዛሬ የምቸገረው በዚሁ ነው። ያኔ ግን አባቴ ደራሲ መሆኑን መስማቴ እንጂ ሌላው አልታየኝም። ክፍላችን ውስጥ አባቱ ሹፌር የሆነ አለ፣ አባቱ ወታደር የሆነ አለ፤ ደራሲ አባት ያለው ግን አንድም ልጅ የለም።

«እኔ ላውጣልህ?» አልኩት።

እስክሪብቶውን ከጥርሱ አላቀቀና ሳቀ። ትንሽ አሰበ። «ስምንት ሰው ያስፈልገኛል። እያንዳንዱ ከነአባቱ ከነአያቱ። የዚህ አካባቢ ገበሬ ስም መሆን አለበት፤ የከተሜ ስም እንዳታመጪብኝ። ደግሞ አንድ ሕግ አለ። ያለ ሰው ስም አይገባም። መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው የሌለ ሰው ነው።»

«ለምን?»

«ያለ ሰው ይከሳላ።»

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። «ልጅቷን ምን ውስጥ ነው የምታስገባት?»

«ጨዋታ ነው።»

«ጨዋታ ከሆነ ራስህ ተጫወተው።»

እናቴ ልብ ወለድ የማይገባት ቀኑን ሙሉ ማሽን ሥር ስለምትውል ነው ብዬ አሰብኩ። አዘንኩላት።

እኔ የማውቀው ገበሬ አንድ ብቻ ነው። ወዲያው የኅብረተሰብ ደብተሬን አውጥቼ «ደበላ ሂርጳ» ብዬ ጻፍኩና ለአባቴ አሳየሁት። «ይሄ ሰውዬ አለ» አለና ሁለት ጊዜ ሰረዘው። «ሰኞ አለቃዬ ይፈልገዋል፤ ቶሎ በይ።» አለቃው መጽሐፉን የሚያሳትምለት ሰው መሰለኝ።

የአባባ ደበላ ማሳ ከኛ ቤት የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ከተማው የሚያልቅበት ጋ። አፈሩ ጥቁር ነው፣ ዝናብ ከዘነበ ጫማ ያስቀራል። ከማሳው ማዶ ገና ቀለም ያልተቀቡ የኮንዶሚኒየም ፎቆች ተደርድረው ይታያሉ። በየጊዜው ወደዚህ ይጠጋሉ። የአባባ ደበላም መሬት ተለክቶ ነበር፤ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ሽምብራው መሃል ቆሟል። እኔና ኢፍቱ ጎል አድርገነው ኳስ እንጫወትበታለን።

ችካሉ ምን እንደሆነ ኢፍቱ ነግራኛለች። መሬቱ ለግንባታ ይወሰዳል፤ ለአካኮ ግን እዚሁ አቅራቢያ ምትክ ቦታ ይሰጣቸዋል። የሚሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር እስኪለጠፍ እየጠበቁ ነው። ስማቸው ከወጣ አዲሱ ቦታ ላይ ቤት ይሠራሉ፣ እሷም ከኔ ጋር ትማራለች። ካልወጣ አርሲ አክስቷ ጋ ይሄዳሉ፤ አባቷ ሞቷል፣ ሌላ የሚጠጉበት ሰው የላቸውም።

«ይወጣል» አለችኝ።

«ይወጣል እንጂ» አልኳት። አንድ ዴስክ ላይ ነው የምንቀመጠው፤ እንዴት ላይወጣ ይችላል?

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። አባባ ደበላ ድንበሩ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠው እሸት ሽምብራ እየነቀሉ ይሰጡናል። ቅጠሉ ሲነካ ያጣብቃል፣ ጣት ሲልሱት ጨው ጨው ይላል። በቀኝ እጃቸው ትንሿ ጣት የለችም። በወጣትነታቸው ለአራት ወር ፋብሪካ ተቀጥረው ማሽን ወስዷታል። «አሥር ጣት ይዤ ገብቼ በዘጠኝ ሸኙኝ» ይላሉ ሲጠየቁ። «ዓመት ብቆይ ኖሮ ጉርሻ ሰው ነበር የሚያጎርሰኝ።»

«አባባ ደበላ፣ የአባትዎ ስም ማን ነው?» አልኳቸው።

«ሂርጳ።»

«የሳቸውስ አባት?»

«ሮቤራ።»

«የሳቸውስ?»

ቀና ብለው አዩኝ። «እስከ የት ልትሄጂ ነው?»

«እስኪያልቅ።»

ሽምብራውን አስቀመጡ፣ እጃቸውን ኮታቸው ላይ ጠረጉ፣ ጣታቸውን ዘረጉ። ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ። የሚያወሩበት ድምፅ አልነበረም፤ በልጅነታቸው የተማሩትን የሚያሰሙበት ነበር። አንድ ስም ሲሉ አንድ ጣት ያጥፋሉ፣ እኔ እስክጽፍ ይጠብቁኛል። የወረቀቱ ጥግ በሽምብራ አረንጓዴ ሆነ። ዘጠነኛው ጣት ሲታጠፍ ዝም አሉ።

«አለቀ?»

«ጣቴ አለቀ።» የጎደለችውን ቦታ አሳዩኝ። «አሥረኛው ከጣቴ ጋር ፋብሪካ ቀርቷል።»

ኢፍቱ ሳቀች። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ ለምን እንደምጽፍ ጠየቁኝ።

«አባዬ መጽሐፍ እየጻፈ ነው፤ ስለ ገበሬዎች።»

«የኔ አባቶች መጽሐፍ ላይ ሊወጡ ነው?»

«አዎ።»

ለኢፍቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት። ምን እንዳሉ ስጠይቃት «ጥሩ ልጅ ናት፣ ሽምብራ ጨምሪላት ነው ያሉት» አለችኝ። ክንዴ እስኪሞላ ታቅፌ ሄድኩ።

ቤት ስደርስ ቆጠርኩ። ዘጠኝ ስም፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ሲቀጣጠል፣ ሰባት ሰው ብቻ ነው የሚወጣው። ሂርጳ ሮቤራ ጃርሶ አንድ፤ ሮቤራ ጃርሶ ብሎ ቀጣዩ ሁለት፤ እንዲህ እያለ ሰባት ላይ ያልቃል። አባቴ የጠየቀኝ ስምንት ነው። አንድ ስም ጎደለኝ።

ፈጠርኩት። ከየት እንዳመጣሁት አላስታውስም፤ ባጃጅ ላይ ካነበብኩት ይሁን፣ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ከሰማሁት። መጨረሻ ላይ ባስቀምጠው የተጨመረ ይመስላል ብዬ መሃል አስገባሁት። ከዚያ አሥሩንም በንጹሕ ገጽ፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ ቆንጆ አድርጌ ገለበጥኩ። ሽምብራ የነካውን ገጽ ቀድጄ ጣልኩት።

አባቴ ስሞቹን ጮክ ብሎ አነበበ። «ከየት አመጣሻቸው?»

«ፈጠርኳቸው።»

ሰዎቹ ሞተዋል፣ ስለዚህ የሉም፣ ስለዚህ ሕጉን አላፈረስኩም። ይህን ሁሉ አስቤበታለሁ። ፈጠርኳቸው ማለቴ ግን ውሸት ነው፤ አባቴ ደራሲ ከሆነ እኔም መሆን አማረኝ።

«የማያጠራጥር ስም ነው» አለና ግንባሬን ሳመኝ። ከጎኑ አስቀምጦኝ ወደ ፋይሉ ይገለብጥ ጀመር። ከየስሙ አጠገብ የሚሞላ ሌላ ነገር ነበር። «ሮቤራ ስንት ልጅ ይኑረው?» አለኝ።

«አራት።»

«ጃርሶስ?»

«ጃርሶ ገና አላገባም።»

አባቴ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጃርሶን ብቸኛ አድርጎ ጻፈው። ከአባቴ ጋር ካሳለፍኳቸው ቀኖች እንደዚያ ከሰዓት የተደሰትኩበት የለም። ደስታው ደስታ ነበር፤ ዛሬም አልክደውም።

ባለፈው ረቡዕ ደብተሩን ልወስድ ስሄድ አባቴ ሶፋው ላይ ሆኖ ቴሌቪዥን ያያል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሚያመልጠው ተከታታይ ድራማ የለም። «አባዬ፣ በልጅነቴ የሰጠሁህን ስሞች ታስታውሳቸዋለህ?» አልኩት።

«የትኞቹን?» አለ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

ከነዚያ ስምንት ሰዎች በፊትም በኋላም ሌሎች እንደነበሩ የገባኝ ያኔ ነው። እናቴ ሰምታዋለች። ከቁምሳጥኑ አናት ሻንጣውን አውርዳ ደብተሩን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ዝርዝሩ የተለጠፈ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ከኢፍቱና ከአባባ ደበላ ጋር ሄድኩ። አባባ ደበላ ኮት ለብሰዋል፣ ባርኔጣም አድርገዋል። ዝርዝሩን ባወጣው መሥሪያ ቤት የቆርቆሮ አጥር ጋ ሰው ተሰብስቧል። ማንበብ የማይችሉ ብዙዎች ስለነበሩ የበሩ ጥበቃ አጥሩ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ስም ከነአያት፣ ከዚያ የቤተሰብ ብዛት።

«ሂርጳ ሮቤራ ጃርሶ፣ አምስት።»

የኢፍቱን እጅ ጨበጥኩ። የአባቴ መጽሐፍ ወጥቷል። ይኸው በአደባባይ እየተነበበ ነው፤ ይሄ ሁሉ ሰው ሊሰማ መጥቷል።

አባባ ደበላ «አቤት» አሉ።

ጥበቃው አላያቸውም። «ሮቤራ ጃርሶ ቱፋ፣ ስድስት።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጃርሶ ቱፋ ጉርሜሳ፣ አንድ።»

ባርኔጣውን ደረታቸው ላይ ያዙት። መጽሐፉን አክብረው ነው ብዬ አሰብኩ። ስምንቱም እስኪያልቁ፣ ሌሎችም ስሞች ተነበው ወረቀቱ እስኪያልቅ፣ ፀሐይ ላይ ራሳቸውን ገልጠው ቆሙ። ሰዉ መበተን ሲጀምር ወደ ጥበቃው ጠጋ አሉ።

«ደበላ ሂርጳ የሚል አለ?»

የጥበቃው ጣት ወረቀቱ ላይ ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። «የለም አባባ። ቁጥሩ ሞልቷል ነው የሚሉት።»

«አባቴ ግን አለ።»

«ይኸው አለ፤ ሂርጳ ሮቤራ። እንግዲያ አባትዎ ይምጡና ይፈርሙ። የት ነው ያሉት?»

«ከማሳዬ ራስጌ፣ ሾላው ሥር።»

«ታዲያ ቅርብ ናቸው» አለ ጥበቃው።

ኢፍቱ እጄን ለቀቀች። ሾላው ሥር መቃብር እንዳለ እኔም አውቅ ነበር፤ ዘለን የምንሻገረው የድንጋይ ክምር ነው። ግን ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አጥሩ ጋ ከነበረው ሰው ሁሉ የሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በማግስቱ ፍሪጅ ገባልን። ሠፈራችን ውስጥ ሁለተኛው ፍሪጅ ነው። አባቴ ለመጽሐፉ ነው አለኝ። እናቴ ግን ገመዱን ጠቅልላ ከኋላው አስቀመጠችው፤ ሳይሰካ ሁለት ወር ቆመ።

አባባ ደበላ የመጡት እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። አባቴ ሲያያቸው ተነስቶ ወንበር ሳበላቸው። «ይቀመጡ አባባ ደበላ።»

አልተቀመጡም። «ለማመስገን ነው የመጣሁት፣ አቶ ፈቀደ።»

«ለምኑ?»

«አባቴ ቦታ አግኝቷል። አያቴም አግኝቷል። የአያቴም አባት። ጃርሶን ግን ላጤ አድርጋችሁታል። ላጤ ቢሆን ኖሮ እኔ ከየት እመጣ ነበር?»

አባቴ የሳበውን ወንበር መልሶ ገፋው።

«የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። እነሱ ዘንድ ልጠጋ ወይ ብዬ ልጠይቅዎት ነው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። «ፈጠርኳቸው አላልሽኝም?» አለ። የማላውቀው ድምፅ ነበር።

ያጠፋሁት ስሞቹን ከሰው መስማቴ መሰለኝ። «ሞተዋል እኮ» አልኩ። «የሉም።»

አባባ ደበላ ወደ እኔ መጥተው እስከ ቁመቴ ዝቅ አሉ። «የኔን ስም ለምን ተውሽው፣ ልጄ?»

«እርስዎ አሉ» አልኳቸው። «መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው የሌለ ሰው ነው።»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። አባቴ ቀና አላለም። አባባ ደበላ ግን አራት ጣት የቀረውን ቀኝ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ፤ የጎደለችው ጣት ቦታ ፀጉሬ ላይ ተሰማኝ።

«እውነትሽን ነው» አሉ።

በሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር አሉ። «አንድ እንግዳ ግን አስገብተሽብኛል። ከኔ ያልሆነ ሰው መሃላቸው አለ።» ትንሽ ፈገግ ያሉ መሰለኝ። «ደህና ስም ነው፤ ክፋት የለውም።»

ደስ አለኝ። ከዚያ ሁሉ ስም ውስጥ በእውነት የኔ የሆነውን ለይተው አመሰገኑልኝ ብዬ ነው ደስ ያለኝ። የትኛው እንደሆነ ልጠይቃቸው አላሰብኩም፤ ያኔ አውቀው ነበርና። የረሳሁት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። አንድ ቀን ደብተሩን ገልጬ ሳየው አሥሩም እኩል አዩኝ።

ኢፍቱና አያቷ በሰኔ ሄዱ። አልጋቸው፣ ሁለት ጆንያና የኢፍቱ ቦርሳ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ላጲሴን ሰጠኋት። ዝርዝሩ ይታረም ብለው የት የት እንደሄዱ፣ ማን ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ልጅ ነበርኩ፣ በኋላም አልጠየቅኩም። አሥራ ስድስት ዓመቴ አካባቢ ለአባቴ ነገሩን አንድ ጊዜ አነሳሁለት። «እኔ ባልጽፈው ሌላው ይጽፈው ነበር» አለኝ። «ለደበላ ቦታ የከለከልኩት እኔ አይደለሁም። ቁጥሩ ሞላ።» ቁጥሩን የሞላነው እኔና እሱ፣ ቅዳሜ ተጀምሮ እሑድ ባለቀ ጨዋታ ነው። ይህን ስረዳ እጮሃለሁ ወይ አለቅሳለሁ ብዬ ነበር። ብዙ ተቀምጬበት እንደደነዘዘ እግር ሆነብኝ፤ የኔ መሆኑን አውቃለሁ፣ ብቆነጥጠው አይሰማኝም። ከዚያ ወዲህ ለምጽፈው ሰው ስም ላወጣ ስል አንድ ያለ ሰው ቦታ የሚያጣ ይመስለኛል። ለዳይሬክተሩ ይህን አልነገርኩትም። ስንፍና ነው ብሎ ቢያስብ ይቀለኛል።

እሑድ ከምኖርበት ከኮዬ ፈጬ በአውቶቡስ ተነሳሁ፤ ከቃሊቲ በኋላ ባጃጅ ያዝኩ። መንገዱ በዚያ ማሳ በኩል ያልፋል። ሾላው የለም፣ በቦታው ጎሚስታ ቤት አለ። አንገቴን አዙሬ አየሁና መልሼ አዞርኩት።

ኢፍቱ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ቀጥናለች፤ ጣቷ ላይ የስፌት መርፌ የወጋው ብዙ ምልክት አለ። ሳመችኝ። ስለ አባቴም ስለ ዝርዝሩም አላነሳችም። ልጁ ፊሮምሳ ይባላል፤ ፊቱን ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ፣ ዱካ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። እንግዳ የሚመጣው ለሱ እንደሆነ ተነግሮታል።

ደብተሩን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። መንገድ ላይ የምላትን አዘጋጅቼ ነበር፤ ደብተሩን ሳላስነካት እነግራታለሁ ብዬ። ግን ገጹን ስትገልጥ ፊቷን አየሁና አፌ አልከፈት አለ። የአያቷን ቤተሰብ ሁሉ አንድ ላይ ያገኘችው የአሥር ዓመት ልጅ ጽሕፈት ላይ ነው። በጣቷ እየነካች አንድ በአንድ አነበበችለት። ልጁ ፈጣን ነው፤ ሦስቴ ሰምቶ ያዘው።

«ከአካኮ አባት ጀምር» አለችው።

ሁለት እጁን ዘረጋ። «ሂርጳ፣ ሮቤራ፣ ጃርሶ፣ ቱፋ፣ ጉርሜሳ፣ ሰርዳ፣ ቦሩ፣ ዶዮ፣ ዋቆ፣ ቡሎ።» አሥሩም ጣት ታጠፈ። ሁለቱን ጭብጦቹን አገላብጦ አየና «ልክ በጣቴ ነው» አለ።

ኢፍቱ ሳቀች። «ስልኬ ላይ ቅጂው» አለችኝ፣ ለአባቱ ልትልክለት። ስልኳን አልተቀበልኳትም።

«ኢፍቱ፣ አንዱ የኔ ነው።»

«ምኑ?»

«ከስሞቹ አንዱን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ስምንት ሰው እንዲሞላልኝ። አካኮሽ ዘጠኝ ነው የቆጠሩልኝ፤ ጣታቸውን ታስታውሺያለሽ።»

ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ሄደ። «የቱን?»

«አላውቅም። እሳቸው ያውቁ ነበር፤ አንድ እንግዳ አስገብተሽብኛል ብለውኛል። የቱ ነው ብዬ አልጠየቅኳቸውም።»

ደብተሩን እንደገና ገለጠች። ጣቷ፣ እንደዚያ ጥበቃ ጣት፣ ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ ተመልሶ ወጣ። ሂርጳን አለፈች፣ ሮቤራን አለፈች። «ጃርሶ የሳቸው ነው» አልኳት፤ እኛ ቤት የመጡ እሑድ ስለ ጃርሶ ያሉትን ስለማስታውስ። መሃል ስላስገባሁትም፣ የመጨረሻው ቡሎ የሳቸው ነው። ከዚያ በላይ ልረዳት አልቻልኩም። ስድስት ስም ቀረ። ውጪልኝ እንድትለኝ ጠበቅኩ። ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«አባትሽ ስንቱን ሰው ከሌለበት አምጥተው ቦታ ሰጡት» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አንዱ እኛ ጋ ይደር። አካኮም እንግዳ አላሉሽ? እንግዳ አይባረርም።»

ደብተሩን ዘግታ ከትራሷ ሥር ከተተችው፤ አልመለሰችልኝም። ወደ ልጁ ዞረች። «ድገመው።»

ልጁ ደገመው። እኔ የራሴ ሲመጣ የሆነ ቦታ ይጎረብጠዋል ብዬ ጆሮዬን ጥዬ ሰማሁት። ሰርዳ ላይ ትንሽ ዘገየ፣ ይሄ ነው አልኩ። ትንፋሽ እየወሰደ ነበር። ከዚያ ቀጠለ፤ አሥሩንም እኩል፣ ሁሉንም እንደ አባቶቹ፣ ጠርቶ ጨረሰ።